ማክሰኞና ቅዳሜ የምትከረከመው ችግኝ

ፀጉር አስተካካዩ ዕድሜውን የፈጀው የሰው ራስ ሲከረክም ነው። ስለዚህ ማንም አያታልለውም፤ አንድ ራስ በሳምንት ሁለት ጊዜ መቀስ አያስፈልገውም። በረንዳቸው ላይ በግማሽ በርሜል ለተተከለችው፣ ከኮክና ከፕሪም ለተዳቀለችው ችግኝ ግን አትክልተኛው ማክሰኞም ይመጣል፣ ቅዳሜም ይመጣል።

«መሃሏ ካልተከፈተ ፀሐይ አይገባትም» ይላል አትክልተኛው፣ ቆቡን እስከ ጆሮው ደፍቶ። «ሦስት ጥሩ ቅርንጫፍ ይበቃታል።» አንድ ቡቃያ ቀጨት ያደርጋል፤ አንዷን ቅርንጫፍ በሲባጎ ወደ ጎን ይስባል፤ ከዚያ ሻይ ይጠጣል።

ሻዩን የምታቀርበው የፀጉር አስተካካዩ እህት ናት። ነገሩ እዚህ ላይ ነው! አባታቸው ሲሞት «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ሰው አይወጣም» ብሎ ምሎ ነበር። ብቻውን መቅረትን እንደ ጦር ይፈራል።

«እማዬ፣ አደራሽን፣ ሰውየው ሲመጣ ከበረንዳው ንቅንቅ እንዳትዪ» አላት።

«ምን ይደረግ ልጄ፣ እቀመጣለሁ» አለች እናቱ ተንፍሳ።

ከዚያ ወዲያ ሲባጎ ያዥዋ እሷ ሆነች። ምስኪን! ወገቤን ወገቤን ስትል የኖረች ሴት ቆማ ትውል ጀመር። ኩሏን ሳይቀር ተኩላ ትጠብቃለች። «ዘብ መቆም ለካ ሰው ያነቃል» ብሎ ደስ አለው።

እህቱ ግን ባየችው ቁጥር ትስቃለች። «ጎበዝ ዘበኛ!» ትለዋለች። ሳቋ ይበልጥ አስጠረጠረው።

አንድ ቅዳሜ ከሱቁ ቀደም ብሎ ሲመለስ የአትክልተኛውን ድምፅ ከበረንዳው ሰማ።

«በቃ፣ ቀኑን እንቁረጥ።»

ቀን! ቅርንጫፉ አልበቃ ብሎት! ደሙ ፈላ። በሩን በርግዶ ገባ። አትክልተኛው መቀሱን ጣለ፤ እናቱ ሲባጎዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ እህቱ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ! በዛፍ አሳበህ ሰው ልትወስድብኝ ነው?»

አትክልተኛው ቆቡን አወለቀ። ራሱ ሽበት በሽበት ነው።

«አልዋሽህም፤ ወድጃለሁ።»

እህቱ አፏን በመዳፏ ይዛለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። ያሳደጋትን እህቱን እንዴት ያስለቅሳት?

«ይሁን» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ግን መጀመሪያ እናቴ ትፍቀድ።»

«እሷማ ከፈቀደች ቆየች» አለ አትክልተኛው፣ ወደ ሲባጎ ያዥዋ ጠጋ ብሎ። «የቀረኸው አንተ ነህ፣ ልጄ።»