የአውራ ጣት ቀለም

ሽማግሌው አያ ውበቴ ኑዛዜውን አንብበው ሲጨርሱ፣ ፈንታነሽ ወረቀቱን ተቀብላ ግርጌው ላይ ያለውን የእናቷን ሰማያዊ አሻራ ትኩር ብላ አየችው። የሞጣው ቤት ለወንድሟ ለየኔሰው ይሁን ይላል። እናታቸው ከማረፏ ሦስት ወር ቀድማ፣ እሱ ዘንድ ቢቸና ሰንብታ ሳለ የተናዘዘችው ነው ተባለ።

"የሙት ቃል አይታጠፍም። አንቺም ተስማምቻለሁ ብለሽ አሻራሽን አኑሪ" አሏትና የቀለሙን ሳጥን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

አልነካችውም። እናቷ ያረፈች ጠዋት ቄስ ልትጠራ ሮጣ ስትመለስ፣ የኔሰው ብቻውን የሬሳውን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሲንሰቀሰቅ ነበር ያገኘችው። ለካስ እንዲህ ይወዳታል ብላ የቆየ ቅያሜዋን ሁሉ ተወችለት። እስከ አርባዋ ድረስ ያንን እጅ አያያዙን ለለቀስተኛው ስትመሰክርለት ከረመች።

"አያ ውበቴ፣ እማዬን አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "አውራ ጣቷ ሰማያዊ ሆኖ፣ ደም የረጋበት መስሎኝ ነበር። በሎሚ ባሸው ለቀቀ።"

የኔሰው ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ሰበሰበ።