ከናዳው ሥር

ገደሉ የተናደው በምሳ ሰዓት ነው። ቆፋሪዎቹ ሁሉ በድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንዱ ብቻ ብሩሼን ረሳሁ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። አቧራው ሲገፈፍ ጉድጓዱም ሰውየውም አልነበሩም።

ወሬው ሚስቱ ጋ ሲደርስ ከተማው መሀል ባለው ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ አቀርቅራ እየሠራች ነበር። ሥራዋ ባሏ ከመሬት የሚያወጣውን የዳይኖሰር አጥንት ከተጣበቀበት ድንጋይ ማላቀቅ ነው፤ በመርፌና በቀጭን መሮ፣ ፍርፋሪ በፍርፋሪ። አንዲት የጅራት አጥንት ክረምቱን ሙሉ ትፈጅባታለች። ትዳራቸውም እንዲሁ ነበር፤ እሱ ያወጣል፣ እሷ ታጸዳለች። ልጅ አልወለዱም፤ ለዚያ ጊዜ አለን ይባባሉ ነበር።

ወደ መጨረሻው ግን ባሏ ዝምታ አብዝቶ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ድካም ነው ብላ አለፈችው። ያን ቀን ጠዋት ለሰርግ ብቻ የሚያወጣውን ጫማ አድርጎ ሲወጣም፣ የሥራ ጫማው በዝናብ ርሶበት ይሆናል ብላ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

አስከሬኑን ለማውጣት ማሽን መጣ። ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ማሽኑን ከነነጂው ሊውጠው ሲል፣ የቁፋሮው አለቃ ሥራው ይቁም አለ። ለአንድ ሬሳ ብዬ ሌላ ሬሳ አልጨምርም ነበር ያለው። ቦታውን በሽቦ አጥሮ ሠራተኞቹን ወደ ማዶ አሻገራቸው።

ሚስቲቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህን ሽበታም ሰው አላመነችውም። ገደሉ ተሰንጥቋል ብሎ ባሏ አስጠንቅቆት እንደነበር ከቆፋሪዎቹ ሰምታለች። ሬሳው ሲወጣ መርማሪ ይከተላል፤ መርማሪ ሲመጣ ደግሞ ተጠያቂው አለቃው ነው። ሽቦው ማንን ለመጠበቅ እንደታጠረ ለመገመት አልተቸገረችም።

ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና አማቷ ናቸው። አሮጊቷ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሰው ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ፣ ሬሳ ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም ብለው ከደጅ መለሱት። ጥቁርም አልለበሱም። አንዲት ጎረቤት አፈር ይቅለለው ብትል እንደ እሳት ነደዱባት።

"በልጄ ላይ አፈር አትጫኑበት!"

የእናት አንጀት ተስፋ አይቆርጥም እያለ ሰዉ ከንፈሩን መጠጠላቸው። የምራታቸውንም አንጀት በላው። እኚህ ሴት የልጃቸውን አጥንት ሳይቀብሩ አይሞቱም ብላ ለራሷ ማለች።

ከሙዚየሙ ለቃ ወደ ቁፋሮው ተዛወረች። እንደ ሌሎቹ ማዶ ትሠራና በምሳ ሰዓት ሽቦውን ሾልካ ናዳውን ትጭራለች። አለቃው ይቆጣል፣ ያስወጣታል፣ ሽቦውን ያስጠብቃል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በማግስቱ ትመለሳለች። መዳፏ ቆሰለ፤ ፊቷ ከሰል መሰለ። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው እያሉ ያዝኑላት ነበር፤ ቆይተው ግን አንዱ አካፋ፣ ሌላው ባልዲ እየያዘ ከኋላዋ ይገባ ጀመር።

አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ አማቷ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ ዛሬስ አገኘሽ ወይ ይሏታል። አላገኘሁም ስትላቸው ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሱና እራቷን ያቀርቡላታል።

ዓመት አልፎ ዝናቡ ሲያባራ አለቃው ተሸነፈ። ገደሉን በእንጨት አስደግፎ ናዳው እስከ ታች ድረስ እንዲጠረግ ፈቀደ፤ እጅጌውን ሰብስቦ እሱም አካፋ ያዘ።

ከታች አጥንት ብቅ አለ። ሚስቲቱ አካፋዋን ጥላ በጣቶቿ ትጠርግ ጀመር። አፈሩ ሲነሳ ግን አጥንቱ ከእሷ ቁመት ይበልጥ ነበር፤ ባሏ ስንት ዘመን ሲያስስ የኖረው የዳይኖሰሩ ጭን። ቆፋሪዎቹ ይደሰቱ ይዘኑ ጠፍቷቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ ቆሙ።

ከአጥንቱ ሥር ያለው ያልተነካ ድንጋይ ነው። ሌላ ምንም የለም፤ ጨርቅ የለ፣ አዝራር የለ። ያ መሬት ሰው ሳይፈጠር የሞተውን አውሬ እስከ ጣቱ ድረስ ጠብቆ አኑሮ፣ የአምናውን ሰው ግን አላየሁም አለ።

ሚስቲቱ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ አለቃው ዞረች።

"ባሌን የት አደረሱት? ማን አይቶኝ ብለው አውጥተው የት ጣሉት?"

"እህቴ፣ እኔም እዚሁ ያለ ነበር የሚመስለኝ" አለ አለቃው። አካፋውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ግን በእንባው አልተሸነገለችም። ሰውን የሚያህል ነገር የሰወረ እጅ ለእንባ አያንስም አለች በሆዷ።

ፀሐይዋ ሳትዘቀዝቅ ወደ ቤቷ አቀናች። በዚህ ሰዓት ገብታ አታውቅም። መንገዱን ሁሉ ለአማቷ የምትለውን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ከእንግዲህ የሚቆፈር የለም፤ የሚቀበርም የለም። አሮጊቷ ይህን ሰምተው ክፉ ቢደርስባቸውስ? ቢያንስ አቅፋቸው ታለቅሳለች። ለእሷ የቀሩላት እሳቸው፣ ለእሳቸውም የቀረችላቸው እሷ ናት።

የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። አማቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈውታል።

"አይዞህ ልጄ፣ እሷ እንደሆነች አሁንም እዚያው ስትቆፍር ነው የምትውለው፤ በል እስቲ ሕፃኑን አቅርብልኝ፣ ድምፁን ልስማው።"