የቴያትሩ ግብዣ

ጣልያን ጎንደር ከገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር ላሉ ወንዶች ሁሉ የቴያትር ግብዣ መጣላቸው።

መልእክቱን ያደረሰው የጣልያኑ ሻምበል አስተርጓሚ ሐዲስ ነበር። በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ተናገረ። ከባሕር ማዶ የመጡ ዘፋኞች ከተማው ውስጥ በተሠራው አዲስ አዳራሽ ይጫወታሉ፤ መንግሥትም በሰላም የገባውን መንደር ሊያከብር ፈልጓል፤ ማኪና ይላካል፤ ጠመንጃ መያዝ የሚችል ወንድ አንድም እንዳይቀር።

ተናግሮ ሲጨርስ ከበቅሎው ወረደና የመንደሩን ሽማግሌ ሰጠኝን ለብቻው ገለል አደረገው።

«አያ፣ ባለቤትዎንም ይዘው ይምጡ።»

«ሻምበሉ የጠራው ወንዶቹን አይደለም?»

«ሴትም ይገባል። ይዘዋቸው ይምጡ።»

ሰጠኝ ሚስቱንም አብረው ሊጨርሷት እንደፈለጉ ገባው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ያለፈው ዓመት ለሹመት ተብለው ጎንደር የተጠሩ የሌላ ወረዳ ሰዎች እስከዛሬ እንዳልተመለሱ የማያውቅ አልነበረም። የሰጠኝ ጎረቤት ክንዱ፣ ሁሉም ቤተሰቡን ይዞ ቆላ ይውረድ አለ። ሰጠኝ አልተቀበለውም። ሕፃንና አሮጊት ይዞ የትም እንደማይደረስ አስረዳ።

«ከሄድን የምንሞተው እኛ ነን» አለ። «ከቀረን ግን ሁሉም ነው።»

ሰውየው በቃሉ የሚታመን ስለነበር ተስማሙ።

ከመንደሩ በላይ ካለው ጫካ ንብረት የሚባል የሰጠኝ እህት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሸፍቶ ይኖር ነበር። ጣልያን ወደ መንደሩ ብቅ ሲል ገደሉ ላይ ሆነው የሚመልሱት እነሱ ነበሩ። ሰጠኝ ወደ ንብረት ሰው ላከ። ጫካውን ትተው ወደ ጎንደር እንዲወርዱ፣ ከከተማው ዳር እንዲያደፍጡ፣ ከአዳራሹ በኩል ተኩስ ከሰሙ እንዲደርሱላቸው አስነገራቸው። ንብረት ሰዎቹን ይዞ ወረደ።

ማኪናው በመጣ ዕለት ሚስቱ ታየች ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከደጃፍ ቆማ ጠበቀችው። ሐዲስ ያለውን ሰምታ ኖሯል።

«እኔም እሄዳለሁ» አለችው።

«አትሄጅም።»

«ምነው?»

ሰጠኝ ሊዋሻት አልቻለም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«አንቺ እንኳ ትረፊልኝ።»

ታየች አልተከራከረችውም። ማኪናው ሲነሳ አጥር ተደግፋ ቆማ ነበር፤ እጇን አላነሳችም፤ አላለቀሰችም። ሰጠኝ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አያት።

አዳራሹ በር ላይ ሐዲስ ቆሟል። ሰጠኝን ሲያይ ከኋላው ሰው ፈለገ።

«ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

የሐዲስ ፊት አመድ መሰለ። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አላቀቀና አጠገቡ የቆመውን ጣልያን አየት አድርጎ ተወው። ሰጠኝ በልቡ ደስ አለው። አንዷን አስጥሏቸዋል።

ውስጥ ገብተው ከኋላ በኩል ተቀመጡ። ከፊት ያሉት የመኮንኖቹ ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ ሻምበሉም አልነበረም። በሩ ከውጭ ተዘጋ። ወዲያው መብራቱ ሁሉ ጠፋ።

ክንዱ በጨለማው የሰጠኝን እጅ ጨበጠ። ከወዲያ ጥግ አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ሰጠኝ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

የመጣው ግን ሙዚቃ ነበር።

መጋረጃው ተከፈተ፤ መድረኩ በብርሃን ተሞላ። ሪዙ በሙጫ የተለጠፈ ወፍራም ሰውዬ እየዘፈነ ወጣ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሪዙ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ሱሪው ተተረተረ። መጀመሪያ ክንዱ ሳቀ። እሱን ተከትለው ሁሉም ሳቁ፤ ከሞት ያመለጠ ሰው እንደሚስቀው እያለቀሱ ሳቁ።

ቀጥሎ አንድ ወጣት ወታደር ዘመቻ ሊሄድ ተነሳ። እጮኛው በመስኮት ብቅ ብላ ዘፈነችለት። ሰጠኝ ከቃሉ አንድም አልገባውም። ሴትዮዋ ግን አትሂድ እንዳላለች፣ ከሄድክም አብሬ ልሂድ እንዳለች ገባው። ወታደሩ ራሱን ነቀነቀባትና ሄደ። ሰጠኝ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሐዲስ እውነቱን ነበር፤ ይዟት መምጣት ነበረበት። ይህን የመሰለ ነገር ታየች በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ በከንቱ ፍርሃቱ ቀሚሷን አስወልቆ ቤት አስቀራት።

ጨዋታው ሳያልቅ ክንዱ ደጅ ወጥቶ ሊመለስ በሩን አንኳኳ። ከውጭ የሚጠብቀው ዘበኛ ገና ነው ብሎ መለሰው።

ያን ሌሊት የጣልያን ጦር ሠፈር ውስጥ አሳደሯቸው። ጧት ማኪናው አልቀረበም፤ ነጂው ትእዛዝ እጠብቃለሁ አለ። የተነሱት ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው።

መንገድ ላይ ብዙ የወታደር ማኪናዎች ከፊታቸው መጡ። ነጂው ዳር ይዞ አሳለፋቸው። አስካሪ የሚባሉት የጣልያን ጥቁር ወታደሮች አቧራ ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሻምበሉ ከፊተኛው ማኪና ላይ ሆኖ በእጁ ሰላምታ ሰጣቸው። ክንዱም አጸፋውን መለሰ።

ካለፉ በኋላ ሰጠኝ የሴትዮዋን ዜማ በአፍንጫው ማንጎራጎር ያዘ። አንዱን ያስታውሳል፤ አንዱ ይጠፋዋል።

«ለታየች ልትዘፍንላት ነው?» አለው ክንዱ።

«እዘፍንላታለሁ። ሸጋ አርጋ ትሳቅብኝ።»

ማኪናው ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ሲቆም፣ ከታች መንደራቸው የነበረበት ቦታ ገና ይጨስ ነበር።