የነጠላው ጫፍ

ልጅቷ በትኩሳት ከወደቀች ሦስተኛ ቀኗ ነው። "ልጄን ቡዳ በላብኝ! ከሸክላ ሠሪዋ ሌላ ማን ይበላታል?" አለች እናትየው። ከሸክላ ሠሪዋ ከአስካለ አጥር ላይ ከተሰጣው ነጠላ ጫፉን ሰርቃ ቀደደች። የበላት ሰው ልብስ ከሆነ ጭሱ ያስለፈልፋታል።

ጨርቁ ፍም ላይ ሲያርፍ ልጅቷ ጮኸች፤ ተንፈራገጠች፤ ለፈለፈች።

"ተገኘች!" ጎረቤቶች ዱላ ይዘው አስካለን እየጎተቱ አመጧት። እናትየው የተረፈውን ቁራጭ ፊቷ ላይ ወረወረችው።

"እስቲ ይሄ ልብስ የኔ አይደለም በይ!"

አስካለ ቁራጩን አንስታ ጥለቱን አየችው።

"እትዬ፣ ይሄማ ለፋሲካ የሰጡኝ የእርስዎ ነጠላ ነው። አጥቤ አሰጣሁት እንጂ አንድም ቀን ትከሻዬ ላይ አላረፈም።"

ዱላ የያዙት ሰዎች ቀስ ብለው ወደ እናትየው ዞሩ።