ገጹን ብቻ

ሠዓሊዋ የጣውላውን ጀርባ በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ቀብታ ብሩሹን ሳታስቀምጥ፣ ታናሽ እህቷ ስልኳን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ዘው ብላ ገባች።

«እትዬ፣ ጉድ ፈላ!»

«ቀስ በይ፣ ጠረጴዛውን እንዳትነኪ!»

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል። በጋዜጣው ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ጣውላ፣ ጠርዟን ሁለት የጠርሙስ ቆርኪ ደግፏት፣ በግንባሯ ተደፍታለች። ከሥር በኩል በዘይት ቀለም የተሣለች፣ መስኮት ከፍታ ሰው የምትጠብቅ ሴት አለች። ፀጉሯና መስኮቷ ደርቀዋል፤ ጉንጯ ላይ ግን ቀለሙ ወፈር ስላለ ገና እጅ ይይዛል። ጀርባው መቀባት የነበረበት ከሥዕሉ በፊት ነው፤ እንጨት በአንድ በኩል ብቻ ከተቀባ ይጣመማል። ያን ሰሞን ግን ሥዕሉ እሺ ስላላት ሠዓሊዋ ጀርባ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስታው ነበር። ዛሬ ልትልከው ስትል ትዝ አላት።

ሁለት ወር ሙሉ ገዢ ጠፍቶ ትናንት የተሸጠችው ይህቺው ናት። ሠዓሊዋ በሥራዋ የምትመካ ሰው አይደለችም፣ በዚህች ጉንጭ ግን ትመካለች። ሸራ ላይ ሞክራው ሻከረባት፤ ወረቀት ላይ ዘይቱን ጠጣባት፤ መዳብ ላይ ተንሸራተተባት። በመጨረሻ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛችውን የተሰበረ ቁም ሣጥን ጀርባ በመጋዝ ቆራርጣ፣ ከቁራጮቹ በአንዱ ላይ ነው ጉንጩ የመጣላት።

«ገዢዋ ምን ብላ እንደጻፈች ስሚ» አለች ታናሿ። ቤተሰቡ ሚጣ ይላታል፤ የሁለት ልጆች እናት ሆናም ስሙ አልለቀቃትም። ሥዕሎቹን ፎቶ እያነሳች በኢንተርኔት የምትሸጠው እሷ ናት። «‹ሥዕሉ ይቅርብኝ። ገጹን ብቻ ይላኩልኝ፤ ክፍያው ያው ነው።›»

ብሩሹ ሠዓሊዋ እጅ ላይ ቀረ። «ገጹን?»

«ገጹን።»

«ፊቷን ቆርጣችሁ ላኩልኝ ማለቷ ነው? መስኮቱ ምን በደላት?»

«ኧረ ገጻችንን ነው የምትለው! የምንሸጥበትን፣ ከነተከታዩ!» ሚጣን እንደመደሰትም እንደመደንገጥም አደረጋት። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን ገጽ፣ በአንዲት ሥዕል ዋጋ? አላፈረችም!»

ሠዓሊዋ ግራ ገባት። ስለ ገጹ ያለው ነገር እንኳ ይሁን፣ ያቺ «ይቅርብኝ» የምትለዋ ቃል ናት ሆዷ የገባችው። ትናንት ዓይኗን ሳታሽ የገዛች ሴት ዛሬ ምን ታያት?

«የቱን ገጽ ብለሽ ጠይቂያት እስቲ።»

ሚጣ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ። «‹እናንተው የጻፋችሁትን› ትላለች።»

ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ከሥዕሉ ፎቶ ሥር ያለውን አነበቡ። መጠን፦ ስድስት በስምንት ሳንቲ ሜትር። ቀለም፦ ዘይት። ገጽ፦ የቆየ ጣውላ።

«አላልኩሽም?» ሚጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «‹የተሣለበት› ብለን እንጻፍ ስልሽ፣ ‹ገጽ› ይሻላል፣ ያምራል ብለሽ ድርቅ አልሽ።»

«እንጨቱን ነው የፈለገችው?» የሠዓሊዋ ፊት ቀላ። «ታዲያ ጣውላ መሸጫ አትሄድም? እኔ ፍቄ ባዶ እንጨት ልላክላት?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሚጣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ እያነበበች ስትሄድ ድምጿ ወረደ።

«‹አስቀይሜያችሁ ከሆነ ይቅርታ። ሁለተኛው ፎቶ ላይ፣ ጀርባው ላይ፣ በእርሳስ «ከዚህ አት» የሚል አለ። «ከዚህ አትለፍ» ነው። አባቴ አናጢ ነበር፤ መጋዙ እንዳያልፍበት ለራሱ ይጽፈዋል። የ«ዚ»ን እግር እንዲህ አርዝሞ የሚጎትት ሌላ ሰው አላውቅም። ከሞተ ወዲህ አንድ የእጁ ጽሑፍ አላገኘሁም። የምሰቅለው ጀርባውን ወደ ሰው አዙሬ ስለሆነ፣ የለፉበት ሥዕል ወደ ግድግዳ ዞሮ ከሚቀር፣ ከእንጨቱ ላይ ሊነሳ ከቻለ ብዬ ነው።›»

ሠዓሊዋ ያንን ጽሑፍ አይታዋለች። ጭረት ነው ብላ ነበር። ቃሉን ለሁለት የከፈለው የእሷ መጋዝ ነው፤ «ለፍ» ያለበት ቁራጭ የት እንደገባ እንኳ አታውቅም። ከዚህ አትለፍ የተባለበትን አልፋለች።

ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ጀርባው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነጭ ነው።

«ደረቀ?» አለች ሚጣ።

ሠዓሊዋ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ነጩን መጥረግ ጀመረች። መጀመሪያ በስሱ ጠረገችው፤ ነጩ ተድበስብሶ ወተት መሰለ እንጂ አልለቅ አለ። ጫን አለችው። አንዱ ቆርኪ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ጣውላውም ጋዜጣው ላይ ልጥፍ አለ።

«እትዬ! ፊቷ!»

«አውቃለሁ።»

አልተወችም። እንባዋ የመጣው ለየትኛው እንደሆነ ሳታውቅ፣ ጨርቁን እያጠበች፣ እየተጫነች ጠረገች። ከነጩ ሥር አንድ ግራጫ እግር ብቅ አለ፤ ረጅም፣ ወደ ጎን የተጎተተ። ቀጥሎ «ህ» መጣ። ቀጥሎ «አት»።

ጣውላውን በጠርዙ ይዛ ቀስ ብላ አነሳችው። ጉንጩ አብሮ አልተነሳም። ጋዜጣው ላይ፣ በሁለት ዓምድ ዜና መካከል፣ ሮዝ ሆኖ ተኝቷል።

«ምን ብዬ ልጻፍላት?» አለች ሚጣ በሹክሹክታ።

«ገጹ…» ብላ ጀመረች ሠዓሊዋ። አንዴ እጇ ላይ ያለውን ጣውላ፣ አንዴ ጋዜጣውን አየች፤ የቱን ልትል እንደነበር ጠፋባት።