የእንቅልፍ ምስክር

«ስትተኚስ፣ ዓይንሽ ይከደናል?» ይለኛል ሐኪሙ፣ ከቅጹ ላይ ቀና ሳይል። «ባለፈውም ጠይቄሽ ነበር።»

«እስካሁን አላወቅኩም።»

«ቤት ያለውን ሰው እስኪ እየኝ ማለት ነው እንጂ፣ ምን ይከብዳል?»

መልሴን አይጠብቅም፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ይፈልጉታል። ጓንቱን እያወለቀ ቆሞ ያስረዳኛል። እዚህ ጨፍኚ ሲለኝ የዓይኖቼ ቆብ ይገጥማል፤ ግን ሰው ጨፍን ሲሉት ኃይል ይጨምራል። እንቅልፍ ላይ ኃይል የለም። ክፍቱን የሚያድር ከሆነ ዓይኔ ደርቆ ይቆስላል፤ ቁስሉ ዕይታዬን ሊወስደው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ነገ ለዓይኔ እብጠት የታዘዘልኝን መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት የቆቡን ጠርዝ በስፌት ይይዘዋል። የሚከደን ከሆነ አይነካኝም።

«ቅጹን እስከ ስምንት ሰዓት ለሲስተር ስጪያቸው» ብሎ ይወጣል።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብቻዬን እቀራለሁ። ከአንዱ በቀር መስመሮቹ ሁሉ ተሞልተዋል። ብዙዎቹን የሞላኋቸው እኔው ነኝ። ሥራዬ ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በሰው ደም ውስጥ ያሉትን እብጠት የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች መለካት ነው። ባለፈው ሳምንት የራሴንም ደም እንደ ማንም ሰው ቁጥር ሰጥቼ ለካሁት። ከፕሮቲኖቹ አንዱ፣ ኢንተርሉኪን ስድስት፣ ከጤነኛ ሰው አምስት እጥፍ ወጣ። ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች እንኳ በቃሌ እችላቸዋለሁ።

የማላውቀው ይኼን አንዱን ነው። ትናንት ስልኬን መጽሐፍ ላይ አስደግፌ ራሴን ልቀርጽ ሞከርኩ። መብራቱን ሳጠፋ የተቀረጸው ጨለማ ነው። ሳበራው ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እስክሪብቶ አወጣለሁ። «ይከደናል» ብዬ እጽፋለሁ። እዚያው መስመር ላይ «ያየው ሰው፣ ዝምድና» ይላል። «እህት» እላለሁ። እህትስ አለችኝ። ሌላ ከተማ ናት፤ ከተያየን አራት ዓመት ሆነን። ዓይኔ ከተለወጠ ወዲህ ስትደውል ካሜራዬ ተበላሽቷል እላታለሁ።

የጻፍኩትን ጥቂት አየዋለሁ። ምድር ቤት ያልለካነውን አንጽፍም። የተሳሳትነውንም አንፍቅም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አንዲት መስመር ብቻ አሳልፈንበት፣ ሰዓቱን ጽፈን እንፈርማለን። እጄ ስለለመደ ይሆናል፣ መስመሩን አሳልፌ እፈርማለሁ።

ሲስተር የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይገባሉ። እናቴን የሚያህሉ ናቸው። ቅጹን ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ ያደርጋሉ።

«አንቺ የምድር ቤቷ፣ እህትሽ ገና አየሁ ከማለቷ ሰረዝሻት?»

«እህቴ እዚህ የለችም።»

«ሌላስ ሰው?»

የእስክሪብቶዬን ክዳን እገጥማለሁ። ደግመው አይጠይቁኝም። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

«ስንት ዓመት ደም ስልክልሽ ጠይቄሽ አላውቅም። ምንድነው እዚያ ታች የምትለኪው?»

«ኡኡታ ይበሉት። ሰውነት ሲጎዳ ሴሎች ድረሱልን ብለው የሚልኩት ፕሮቲን ነው። እኔ ጋ የተቃጠለ ነገር የለም፣ ኡኡታው ግን አላቆመም። የሰሙት ሴሎች ይመጣሉ፤ የሚያጠፉት እሳት ሲያጡ ከዓይኔ ኋላ ይሰፍራሉ። ስቡም ጡንቻውም ያብጣል። ዙሪያው አጥንት ስለሆነ ቦታ የለም፤ ዓይኔን ወደፊት ይገፉታል።»

ሲስተር ማንኪያቸውን ይፈልጋሉ።

«ጉድ ነው። ውስጥሽ ያሉት ይኼን ያህል ሲጮኹ፣ የአንቺ ድምፅ ግን እዚህ ፎቅ ደርሶ አያውቅም።» ከዚያ በማንኪያው የመመርመሪያውን አልጋ ያሳዩኛል። «ጫማሽን አውልቂና ጋደም በይ።»

«ሰው እያየኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እኔ ምሳዬን ስበላ ማንንም አላይም።»

አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት ከሥሬ ይንኮሻኮሻል። በሌሊት ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ ስለምነቃ ደክሞኛል። ማንኪያው የምሳ ዕቃውን ይነካል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይነካል። የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል። ሰው ባለበት ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የተኛሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ እሞክራለሁ። ዩኒቨርሲቲ፣ የመጨረሻው ዓመት። ከላዬ የምትተኛዋ ልጅ ስትገላበጥ አልጋው ይንቋቋ ነበር። ስሟን ላስታውስ ስል

እጅ ትከሻዬ ላይ ነው።

«ተነሺ እናቴ፣ ስምንት ሊሆን ነው።»

ሲስተር አጠገቤ ተቀምጠዋል። የምሳ ዕቃቸው ክፍት ነው፤ ምግቡ ከአንድ ጥግ ብቻ ተነክቷል።

«አልበሉም» እላለሁ።

«ትክ ብለሽ እያየሽኝ እንዴት ይዋጥልኝ?»

«እኔ አላየሁዎትም።»

«አውቃለሁ። እጄን ባወዛውዝልሽም አላየሽኝም። ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው ሲሉ እሰማ ነበር፣ ዛሬ ገባኝ።» መሳቅ ይጀምሩና ይተዉታል። «ለስፌቱ እኔ ነኝ የምገባው። አይዞሽ።»

ቅጹን ይሰጡኛል። ከሰረዝኩት ሥር በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ «አይከደንም። ሦስት ሚሊሜትር ክፍት ይቀራል።» ሰዓትና ፊርማም አለው። ዝምድና የሚለውን ባዶ ትተውታል።

«እሱን አንቺው ሙዪው» ይሉኛል።

እስክሪብቶውን እቀበላለሁ። ቤት አልጋዬ ከበሩ ትይዩ ነው። ዓይኖቼ መውጣት ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ስምንት ወር ሙሉ፣ እኔ ስተኛ፣ እነሱ ተከፍተው በሩን ሲያዩ አድረዋል።