የሺዮሪ የጋሻ ፍሬ

የናጎያው ቶሺሃሩ አርባ ዓመት የሞላው የክፍል ኃላፊ ነው። ይህ ሁሉ ማዕረግ ግን ከሌብነት አላዳነውም። ለዛሬው የምሳ ሰዓት የጌም ግጥሚያ ባልደረባውን ለመርታት ሲል፣ ከስምንት ዓመት ልጁ ከሺዮሪ የጌም ጥንቸል ላይ የጋሻ ፍሬዋን ሰርቆ ጌሙ ውስጥ ላለው ለራሱ ተኩላ አስያዘ። ፍሬዋ አንድ ምት ትመክትና ትጠፋለች።

ጠዋት ሺዮሪ ጉንፋን ይዟት እንደተኛች፣ «አባዬ፣ ፍሬዬ የት ሄደች?» አለችው።

«ጥንቸልሽ በልታት ይሆናላ፤ ሆዳም ናት!» ብሏት በብስክሌቱ ወጣ።

መታጠፊያው ላይ የጭነት መኪና ገጨው። ብስክሌቱ ተጨማደደ፤ እሱ ግን አንድ ጭረት እንኳ ሳያገኘው ተነሣ። የጌም ማጫወቻውን ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተ። ግጥሚያው ገና አልተጀመረም፤ ተኩላው ግን ባዶ እጁን ቆሟል።

እፍረት አንገቱን እያስደፋው፣ ሊናዘዝ ቤት ደወለ። አፉን ሳይከፍት ሺዮሪ ቀደመችው።

«አባዬ፣ ስትሰርቅ አይቼሃለሁ። መኪናው ሲገጭህ ግን አላመመህም አይደል?»